በጎዳና የቆመ መኪና «ተጥሏል» የሚባለው መቼ ነው?

«መኪናዬን ቶው አደረጉብኝ» የምትለዋ ሮሮ በስደት ለምንኖር ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራው፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ውስጥ በሥራ አድሮ ቀን የሚተኛው ወገናችን ሁሉ አንድ ቀን ቀምሷታል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ከፓርኪንግ ቲኬት ጠለቅ ያለ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ከተማ በሕዝብ መንገድ ላይ የቆመን መኪና «ባለቤቱ ጥሎታል» ብሎ የሚያነሳው፣ ከዚያም በሐራጅ የሚሸጠው ወይም የሚጨፈልቀው በምን ሥልጣንና በምን መመዘኛ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ነገሩ ተራ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የግል ንብረትና የመንግሥት ሥልጣን ፊት ለፊት ከሚገናኙባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ በቅርብ ዓመታትም በአሜሪካ ታላላቅ ፍርድ ቤቶች ድረስ ደርሶ አከራክሯል።

በቅድሚያ የከተሞቹን ወገን እንስማ። ጎማው የተነፈሰ፣ መስታወቱ የረገፈ፣ ታርጋው የተነቀለ መኪና መንገድ ዳር ሲቆም ቦታ መያዝ ብቻ አይደለም። ዘይትና ነዳጅ ያፈሳል፣ አይጥ ይራባበታል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ አንድ ሌሊት ደግሞ እሳት ይለኮስበታል። ከሁሉም በላይ አንዱ የሞተ መኪና ሌላውን ይጠራል የሚል እምነት አለ። ለዚህ እምነት መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ሊቁ ፊሊፕ ዚምባርዶ እ.ኤ.አ. በ1969 ያደረገው ሙከራ ነው። ታርጋ የሌለው፣ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና በኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር አቆመ፤ ሌላ ተመሳሳይ መኪና ደግሞ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ አቆመ። የብሮንክሱን በ10 ደቂቃ ውስጥ አባት፣ እናትና ትንሽ ልጃቸው ደርሰው ራዲያተሩንና ባትሪውን ፈቱት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ አለቀ። የፓሎ አልቶው ከአንድ ሳምንት በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። በመጨረሻ ዚምባርዶ ራሱ በመዶሻ ሲመታው ነው አላፊ አግዳሚው ተቀላቅሎ ያወደመው። ልብ ይባልልን፤ በሁለቱም ቦታ ካወደሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ ጥሩ የለበሱ ነጮች እንደነበሩ ተመዝግቧል። ይህ ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ይህንኑ ሙከራ ጠቅሰው «የተሰበረ መስኮት» የተባለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ጥቃቅን ጥፋቶችን በፖሊስ ኃይል ለማጽዳት ለተካሄደው ዘመቻ ይህ ሐሳብ ዋና መመሪያ ሆነ። አሮጌው መኪናም በዚያው ዘመቻ ከትርፍ ዕቃነት አልፎ የወንጀል ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

የኒውዮርክ ግዛት ሕግ በዚህ ረገድ ምሕረት የለሽ ነው። ታርጋ የሌለው መኪና በመንገድ ላይ ያለ ጠባቂ ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆመ እንደተጣለ ይቆጠራል። የጅምላ ዋጋው ከ1,250 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ባለቤትነቱ ወዲያውኑ ወደ ከተማው ይተላለፋል፤ ደብዳቤ የለም፣ ሐራጅ የለም፣ ቀጠሮ የለም። በኒውዮርክ ከተማ እንዲህ ያለውን መኪና የሚያነሳው ፖሊስ ሳይሆን ቆሻሻ የሚያነሳው የጽዳት መሥሪያ ቤት መሆኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። ታርጋ ያለው ከሆነ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው። በአንዲት ታርጋ ምክንያት አንዱ ብረት ቆሻሻ፣ ሌላው ንብረት ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው መኪናውን ለምን ይጥላል? ባለሥልጣናት ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ዜጋ በዝቷል የሚል ነው። የእንግሊዝ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ከተሞች መንገድ ላይ የሚጣል መኪና በዝቶ ነበር። የዚያን ጊዜ የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ወድቆ ስለነበር፣ ቀድሞ አሮጌ መኪና ሲያስረክብ ጥቂት ገንዘብ ይቀበል የነበረው ባለቤት አሁን ራሱ ከፍሎ እንዲያስወግድ ተገደደ። ከፍሎ ከሚያስወግድ ታርጋውን ነቅሎ ከሰፈሩ ራቅ አድርጎ ማቆም ቀለለው። እርግጥ ነው፤ በ1978 የወጣው ሕግ የተጣለ መኪና ማንሳትን የአካባቢ ምክር ቤቶች ግዴታ አድርጎ ነበር። በ2002 ደግሞ ዋጋ ለሌለው መኪና ይሰጥ የነበረው የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ወደ 24 ሰዓት ዝቅ ተደረገ። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ያወጣው መመሪያም ከ2007 ጀምሮ የመጨረሻው ባለቤት ያለ ክፍያ መኪናውን እንዲያስረክብና ወጪው በአምራቾቹ ላይ እንዲወድቅ አዘዘ። በመካከሉ የዓለም የብረት ዋጋ ወደ ላይ ሲተኮስ ግን በየመንገዱ የነበሩት አሮጌ መኪኖች በፍጥነት ቀነሱ። የእንግሊዝ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨዋነት ተምሮ ነው ብለን አናምንም። ብረቱ እንደገና ዋጋ ስላወጣ ነው።

መኪናን ጥሎ የሚያስኬድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ዕዳና ፍርሃት ነው። በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ዱባይ ላይ ሲያርፍ የሆነውን ያስታውሳሉ። ሥራቸውን ያጡ የውጭ አገር ሰዎች የመኪናና የቤት ዕዳቸውን መክፈል ሲያቅታቸው መኪናቸውን አውሮፕላን ማረፊያው አቁመው ወደየአገራቸው በረሩ። የመኪኖቹ ቁጥር በጊዜው አወዛጋቢ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አላወዛገበም። በዚያን ጊዜ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት እስር ቤት ያስገባ ነበር፤ በአብዛኛው ከወንጀልነት የወጣው በጥር 2022 ነው። እንግዲህ ያ በአቧራ የተሸፈነ ውድ መኪና የግዴለሽ ሰው ሥራ አልነበረም፤ እስር የፈራ ሰው የተወው ነበር።

በአገራችንስ? ኢትዮጵያ ውስጥ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የገባ ቮልስ ዛሬም ይነዳል፤ ላዳው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ መነዳት ያቃተው ደግሞ በመለዋወጫነት ተፈትቶ በሌሎች መኪኖች ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። ታክሱ መኪናን እንደ ቤት አስወድዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ በ2024 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ጭራሹን ተከልክሏል። በእኛ አገር ሣር የበቀለበት መኪና የሚታየው በየፖሊስ ጣቢያው ግቢ ነው። በኤግዚቢትነት ተይዞ፣ ክሱ ሳይቋጭ፣ ጎማው እስኪበሰብስ የሚቆመው እሱ ነው። መኪና የሚጥል ዜጋ ሳይሆን መንግሥት ነው ብንል ብዙ የሚከራከረን አይኖርም።

የሲያትሉ ፒክአፕ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ ደንብ መሠረት አንድ መኪና በከተማው መንገድ ወይም ይዞታ ላይ በአንድ ቦታ ከ72 ሰዓት በላይ መቆም አይፈቀድለትም። መኪናው አዲስ ቢሆን፣ ቦሎው የታደሰ ቢሆን፣ ኢንሹራንስ ቢኖረው ለውጥ የለውም፤ መንቀሳቀስ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲም የተጣለ ነው በተባለ መኪና ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው፤ በካሊፎርኒያ ብዙ ከተሞችም ይኸው ቁጥር ይደጋገማል። ሥራው የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ በጎረቤት ስልክ ነው። ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ መኪናው የቆመበትን ይመዘግባል ወይም ጎማውን ምልክት ያደርጋል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል፣ ተመልሶ ሲመጣ ካልተንቀሳቀሰ ጎታች መኪና ይጠራል። (በነገራችን ላይ ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ራሱ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2019 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሚሺጋን ከተማ ሳጊናው ነገር ሲወስን፣ ይህ በሕገ መንግሥቱ መሠረት «ፍተሻ» ነው አለ። በ2022 ደግሞ በምዕራቡ ጠረፍ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሳንዲዬጎን ጠመኔ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ለአንድ መስመር ጠመኔ ይህን ያህል መከራከር የሚቻልበት አገር መሆኑ ያስቀናል።)

እ.ኤ.አ. በ2016 ስቲቨን ሎንግ የተባለ የእጅ ሙያተኛ በ2000 የተሠራ ፒክአፕ መኪናውን የሲያትል ከተማ ይዞታ በሆነ ክፍት ቦታ አቁሞ ይኖርበት ነበር። ሰውየው የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ ነው። የሥራ መሣሪያዎቹንም የሚያስቀምጠው እዚያው መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው ስለተበላሸ እንደልብ አይንቀሳቀስም። በጥቅምት ወር ፖሊሶች መጡ፤ በመኪናው ውስጥ እንደሚኖር ነገራቸው። ከዚያ የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት። ከቀናት በኋላ ሥራ ላይ ሳለ መኪናው ተጎትቶ ተወሰደ። ሲመለስ ቤቱ የለም፤ ያን ሌሊት ሜዳ ላይ ተኛ። የመጎተቻና የማቆያ ሒሳቡ ከ900 ዶላር በላይ ደረሰ። ሰውየው በወር የሚያገኘው ከ700 ዶላር አይበልጥም ነበር። ጉዳዩን ያየው የማዘጋጃ ቤት ዳኛ ቅጣቱን ትቶለት ሒሳቡን ወደ 550 ዶላር ገደማ ዝቅ አደረገና በየወሩ 50 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ባይቀበል መኪናው በሐራጅ ሊሸጥ ነው።

አቶ ሎንግ ግን በዚያ አላቆመም። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲንከባለል አምስት ዓመት ፈጀ። በነሐሴ 2021 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጠ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ባርባራ ማድሰን ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ሰው እንደ ዋና መኖሪያው የሚኖርበት መኪና በግዛቱ ሕግ «መኖሪያ ቤት» ነው፤ ስለዚህ የዕዳ ማስከፈያ ሆኖ እንዳይሸጥ ለቤት የተሰጠው ጥበቃ ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ የማንሻው ሒሳብና የክፍያው ውል ለአቶ ሎንግ አቅም ከመጠን ያለፈ ቅጣት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱ ይከለክለዋል። ከተማው «ይህ ቅጣት አይደለም፤ ያወጣነውን ወጪ ማስመለስ ነው» ሲል ተከራክሮ ነበር። ዳኞቹ ግን በከፊልም ቢሆን ቅጣት ነው ብለው፣ መጠኑ ሲመዘን የሰውየው የመክፈል አቅም መታየት አለበት አሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኢንዲያና ግዛት ከአንድ ግለሰብ በተወረሰ ላንድ ሮቨር መኪና ጉዳይ ላይ፣ ከመጠን ያለፈ ቅጣትን የሚከለክለው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ክልሎችንና ከተሞችንም እንደሚገዛ ወስኖ ነበር። የሲያትሉ ውሳኔ ያንን መርህ ከአንድ ውድ መኪና ወደ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አወረደው። የ72 ሰዓቱን ደንብ ግን አልሻረም። ከተማው ዛሬም መኪና ማንሳት ይችላል፤ የማይችለው የድሃውን ብቸኛ ጣሪያ ይዞ አቅሙን ሳያይ የፈለገውን መጠየቅ ነው።

የቃሉ ትርጉም

ስለ ዋሽንግተን ግዛት ሕግ ስናነብ ቆም ያደረገን አንድ ነገር አለ። እኛም እንደ ማንኛውም ሰው «የተጣለ መኪና» ሲባል ባለቤቱ መንገድ ላይ ትቶት የሄደው ይመስለን ነበር። የሕጉ ትርጓሜ እንዲህ አይልም። በዚያ ሕግ «የተጣለ መኪና» ማለት ጎታች ድርጅት አንስቶ በራሱ ግቢ ለ120 ተከታታይ ሰዓት ያቆየው መኪና ነው። አንባቢ ይህን ደግሞ ይመልከተው። መኪናው የሚጣለው በመንገድ ላይ አይደለም፤ ከተወሰደ በኋላ፣ በተቆለፈ አጥር ውስጥ፣ ባለቤቱ ማስለቀቂያውን በአምስት ቀን ውስጥ ባለመክፈሉ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው መኪና በዚህ ሕግ ሊጣል አይችልም ማለት ይቻላል፤ በማግስቱ ከፍሎ ያወጣዋላ። ደመወዙን በአስራ አምስት ቀን የሚቀበለው ግን ሌላ ነው። የመቆያው ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል፤ መኪና ከሌለው ደግሞ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ የሚከፍለው የለም።

በእርግጥ ሕጉ «ውዳቂ መኪና» ለሚለው ሌላ መመዘኛ አለው፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ ክፉኛ የተጎዳ፣ የማይነሳ፣ ዋጋው ከብረቱ የማይበልጥ ከሚሉት ከአራቱ ሦስቱን ማሟላት አለበት። ይህ ተገቢ መመዘኛ ነው፤ በዓይን ታይቶ የሚፈረድበት ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም። ችግሩ የ72 ሰዓቱ ደንብ የሞተውንና በሕይወት ያለውን መኪና አለመለየቱ ነው። ሰዓቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው መኪናው ሦስት ወር ቢቆምበት ማንም አይቆጥርበትም። አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው፣ ታሞ የተኛው፣ እናቱን ሊቀብር አዲስ አበባ የሄደው ግን ይቆጠርበታል። ጎረቤት ካልደወለ ተቆጣጣሪ አይመጣም ማለት ደግሞ ደንቡ የሚሠራው ደዋይ ባለበት ሰፈር፣ ባልተወደደው መኪና ላይ ነው ማለት ነው።

ሌሎች ፍርድ ቤቶችም ወደዚሁ ጥያቄ ገብተዋል፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። በሐምሌ 2023 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሳንፍራንሲስኮ በደህና ቦታና በሕጋዊ መንገድ የቆመ መኪናን ያልተከፈለ የፓርኪንግ ቲኬት አለበት በሚል ብቻ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንሳቷ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሏል። የቺካጎው ግን ተቃራኒ ነው። ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር የገቡ ሰዎች የተያዘባቸውን መኪና ከተማው ወዲያውኑ እንዲመልስላቸው ጠይቀው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2021 መኪናውን ይዞ መቆየት ብቻውን የኪሳራ ሕጉን ማገጃ አይጥስም ብሎ ለከተማው ፈረደ። ዳኛ ሶቶማዮር በውሳኔው ቢስማሙም፣ ሠርቶ ዕዳውን እንዲከፍል የሚጠበቅበት ሰው ሥራ የሚሄድበት መኪና ሲያዝበት ምን እንደሚሆን ለብቻቸው ጽፈዋል።

የከተሞቹን ችግር አናቃልለውም። መኪና ከሰው በላይ በበዛበት መንገድ አንድ የሞተ መኪና ወር ሙሉ ቢቆም የሚጎዳውም ድሃው ሰፈር ነው፤ ሀብታሙ ሰፈር ይደውላልና ወዲያው ይነሳለታል። ለሞተው መኪና ፈጣን ሕግ ቢወጣ እንደግፋለን። የምንቃወመው ለሞተው በወጣው ሕግ በሕይወት ያለውን መቅበር ነው።

በዋሽንግተን ግዛት ላሉ ወገኖቻችን ሁለት ሦስት ነገር ሳንጠቁም አናልፍም። መኪናቸው የተወሰደባቸው ሰዎች አላግባብ ነው ካሉ ማስታወቂያው በተሰጣቸው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት አለባቸው፤ ቀኑ ካለፈ ክርክሩም አብሮ ያልፋል። መኪናውን ማስለቀቂያ ገንዘብ ባይኖራቸውም በውስጡ ያለውን የግል ዕቃቸውን መንጃ ፈቃዳቸውን አሳይተው በሥራ ሰዓት መውሰድ ይችላሉ፤ ጎታቹ ድርጅት ዕቃውን ሳይነካካ የማቆየት ግዴታ አለበት። ከሁሉም በላይ የምናሳስበው ግን መኪና ሸጠው ወይም ለዘመድ ትተው ወደ አገር ቤት የሚጓዙትን ነው። በእኛ ልማድ ቁልፉንና ሊብሬውን ሰጥቶ እጅ ተጨባብጦ መለያየት በቂ ነው፤ በዚያ ግዛት ግን ሻጩ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መሸጡን ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ካላስመዘገበ፣ አዲሱ ባለቤት መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎት ቢሄድ ደብዳቤውም ሒሳቡም የሚመጣው በቀድሞው ባለቤት ስም ነው።